የቃሬዛው ሸራ

የሻው ሸራውን በሁለት እጁ ጨብጦ በጉልበቱ ይወጥረዋል። ይህ ሦስተኛው ጣቃ ነው። የመጀመሪያውን ብርሃን ያሳልፋል ብሎ ጣለው። ሁለተኛው ወፍራም ነበር፤ ከጫፉ ክር መዝዞ በክብሪት ሲያቃጥለው ግን ቀልጦ ተቋጠረ። ጥጥ ቢሆን አመድ ይሆን ነበር። ለልጁ ባል የሚመርጥ አባት እንኳ እንዲህ አይፈትንም።

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሸራ እየሸጠች እዚያው የምትሰፋው አምሳል ትዕግሥቷ እያለቀ ነው።

«አያ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብዎት እኮ። ለምን ፈልገውት ነው? ለእህል መሸፈኛ?»

«ለቃሬዛ ነው፣ ልጄ። በሽተኛ ለምንሸከምበት። የቀየው ሰው ልኮኝ ነው።»

«የድሮው ምን ሆነ?»

«ከማዳበሪያ ከረጢት ነበር የተሰፋው። ፀሐይ በልቶት ኖሮ፣ ባለቤቴን በምጥ ይዘን ስንወርድ ገደል አፋፍ ላይ ለሁለት ተቀደደ። ሰባት ዓመቱ።»

አምሳል ከሦስተኛው ጣቃ ራሷ ክር መዝዛ ትለኩሳለች፤ አመድ ይሆናል። የሻው ከኮዳው ውሃ ያንጠባጥብበታል። ጠብታው ላዩ ላይ ቆሞ ይቀራል።

«ይህ ሸጋ ነው» ይላል። «ቁረጪው።»

ጫፍና ጫፉን ለአጠና ማስገቢያ አጥፋ፣ ሦስት ሦስት መስመር ትሰፋበታለች። ልትጨርስ ስትል የሻው መዳፉን ሸራው ጎን ላይ ያሳርፋል።

«እዚህ ጋ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አውጪልኝ።»

«ቀዳዳ? ምነው አያ! ጠንካራ ስንፈልግ ውለን? መቀደድ የሚጀምረው እኮ ከቀዳዳ ነው።»

እሱም ያውቃል።

«ያኔ ሲቀደድብን ባንቺአየሁን በጋቢ ጠቅልለን ቀጠልን። እኔ ከጎኗ ነበርኩ፤ ‘አይዞሽ፣ ደረስን’ እያልኩ። ማኪናው መንገድ ደርሰን ስንገልጣት ቀዝቅዛለች። የቱ ቁልቁለት ላይ እንደተለየችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለማን ሳወራ እንደነበር አላውቅም። እጇን ይዤ ቢሆን አውቅ ነበር።» መዳፉን ከሸራው ላይ አያነሳም። «አሁን ደግሞ ልጄ ዓይናዲስ ወሯ ገብቷል።»

አምሳል መቀሱን ታነሳለች። ጎኑን ስንዝር ያህል ትሰነጥቀውና በዙሪያው ድርብ ሸራ ደርባ ትዞርበታለች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። መርፌው ይሰበርባትና ሌላ ትቀይራለች። እንደገና ትዞርበታለች።

ከዚያ ሱቁ ወለል ላይ ታነጥፈዋለች።

«እስኪ ይተኙበት፤ እንሞክረው።»

የሻው ጫማውን አውልቆ ይጋደማል። አምሳል በሽተኛ እንደሚሸፈንበት የሸራውን ግራና ቀኝ ከላዩ ላይ ታገጣጥመዋለች። ውስጡ ይጨልማል፤ የገበያው ጫጫታም ይርቃል። ባንቺአየሁ እንዲህ ነበር የሰማችው ማለት ነው፤ ድምፁን ከሩቅ። በዳበሳ ቀዳዳውን ያገኝና እጁን ያወጣል።

በመርፌ የሻከረ መዳፍ ይቀበለዋል።

«በሉ አያ፣ በደንብ ይሳቡ» ትላለች አምሳል ከውጭ፣ «ስፌቱን እንየው።»

የሻው አይስብም። እጇን ይዞ፣ ዝም ብሎ ይተኛል።