የኩሬው ከሳሽ

ሦስተኛው ደብዳቤ ማክሰኞ ጠዋት መጣ። እንደ ሁለቱ ሁሉ ይህም ስም የለውም።

ሰውየው የሚጽፈው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ቅጂውን ለመብራት ኃይል ማመንጫ ጣቢያው ይልካል። የዚህኛው ፖስታ ላይ በቀይ ማስጠንቀቂያ ታትሞበታል፦ ለክሱ እስከ ወሩ መጨረሻ በቂ መልስ ካልተሰጠ፣ የዝናብ ውሃ መልቀቂያ ፈቃዱ አይታደስም።

ፈቃድ ከሌለ እሳቱ ይጠፋል። እሳቱ ከጠፋ ሠላሳ አራት ሰው ቤቱ ይቀመጣል። የፈቃዱን ወረቀት የምትከታተለው ቬርና ፔልኪ ከሠላሳ አራቱ አንዷ ናት፤ አምስት ዓመት ሲቀራት ጡረታዋ ገደል ሊገባ ነው።

ጣቢያው አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ውስጥ፣ ጫካው ጥግ፣ እንጨት እየፈጨ እያነደደ መብራት ያመነጫል። ግቢው ውስጥ የተፈጨ እንጨት እንደ ኮረብታ ተከምሯል። ሲዘንብ ውሃው ክምሩን አጥቦ ወደ ማጣሪያ ኩሬው ይወርዳል፤ ከዚያ በቱቦ ወደ ወንዙ። ኩሬው ደለል ከሞላው ቆይቷል። ጠረጋውን የሚፈቅደው ቦስተን ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ቦስተንን መለመን ደግሞ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «በሚቀጥለው በጀት።»

«ኤልውድ ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ ኮርሊስ ፒንካም፣ ጠረጴዛውን በቡጢ እየነረተ። «ያ ምቀኛ ሽማግሌ! ደግሞ የገለባው እስር በስብሷል ይላል እኮ!»

ቬርና ፖስታውን ቀድዳ ደብዳቤውን አወጣች። እውነትም ስለ ገለባው ተጽፏል። ውሃ እንዲያጣራ ቱቦው አፍ ላይ የተደረደረው ገለባ በስብሶ እንጉዳይ አብቅሏል ይላል። ከሥሩ ደግሞ፦ «ሴፕቴምበር ዘጠኝ፣ ዝናቡ በጀመረ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ የወጣው ውሃ ቅርፊት የተቀቀለበት ይመስል ነበር።»

«ደንቡን ያውቃል» አለች። ደንቡ ናሙና የሚቀዳው ሦስት ደረቅ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ዝናቡ በጀመረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው ይላል። «ማን አስተማረው?»

«ሥራ የፈታ ሽማግሌ ምን የማያነበው አለ?»

ኤልውድ ግሪንድል ከጣቢያው በታች፣ ወንዙ ዳር ይኖራል። ጣቢያው ከተተከለ ጀምሮ ማማረሩን አላቆመም፤ አንዴ በጡሩንባው፣ አንዴ ልብሱ ላይ በሚያርፈው ጥላሸት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ቬርና በዚህ አትታማም።

«ቱቦው ጋ ካሜራ እንስቀልና እጅ ከፍንጅ እንያዘው» አለች።

«ካሜራ? ቦስተን ሚስማር እንኳን አይገዛልን! ይልቅ ሽማግሌውን በጣፋጭ እናለዝበው።»

ኮርሊስ ቅዳሜ የብሉቤሪ ኬክ ይዞለት ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ መኪና ማገዶ ደጁ ላይ አራገፈለት። ሽማግሌው ሁሉንም ያለምስጋና ተቀበለ።

«ጉቦውን እየበላ የሚከስ!» ብላ ቬርና በገነች።

አምስት ደረቅ ቀን አልፎ ሐሙስ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። ቬርና ቦቲዋን አጠለቀች፣ ጠርሙሷን ይዛ ለኮርሊስ ልትነግረው ብቅ አለች፤ ቢሮው ውስጥ የለም። ብቻዋን ወደ ቱቦው ሮጠች። ኤልውድ ባልዲ ይዞ ቱቦው አፍ ላይ ቁጢጥ ብሏል።

«ያዝኩዎት፣ አቶ ግሪንድል!»

«አንቺስ ያዝሽ፣ ልጄ። እኔ ከመጣሁ ሦስት ብቻ ነው የያዝኩት።» ባልዲውን አዘነበለላት። ጣት የማያክሉ ዓሣዎች ይርመሰመሳሉ። «መንጠቆ ላይ የምሰካቸው ናቸው። ዝናብ ሲጀምር ነው የሚወጡት።»

«ደብዳቤውስ?»

«የምን ደብዳቤ? እኔ ነገር ሲኖረኝ መጥቼ በሩ ላይ ነው የምሰድበው። ይልቅ ለዚያ አለቃሽ ንገሪልኝ፤ ስኳር አለብኝ፣ ኬኩን ይተወኝ።»

ቬርና አላመነችውም። ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ውሸታም ነው፤ ባሏም ዓሣ አጥማጅ ነበር።

ስትመለስ ኮርሊስን በስብሶ ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። «ክምሩን ሸራ ሳለብስ ነው» አለ እያራገፈ። የሆነውን ስትነግረው ፊቱ በራ።

«ጎበዝ! አሁኑኑ ለቦስተን ጻፊ። ከሳሹ ተገኝቷል፣ ጠበቃም ይዟል በይ።»

«ይዟል እንዴ?»

«ሳይዝ ይቀራል ብለሽ ነው?»

ለአሥራ አንድ ዓመት ልመና ጆሮ ያልነበረው ቦስተን፣ ጠበቃ ሲባል ሁለት ጆሮ አበቀለ። በሳምንቱ ቆፋሪ መኪናዎች መጡ። ኩሬው ተጠረገ፣ ገለባው ተቀየረ። የመንግሥት ተቆጣጣሪዋ የቀጣዩን ዝናብ ናሙና በጠርሙስ ቀድታ ወደ ብርሃን አነሳችው፤ በውስጡ የኮርሊስ ፊት ወለል ብሎ ይታያል። ፈቃዱ ለአምስት ዓመት ታደሰ። ቬርና ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ደስታ ነው።

ኤልውድን ግን ይቅር አላለችውም። ሱቅ ስታገኘው ፊቷን ታዞርበታለች።

«ተይው እባክሽ፣ ሽማግሌ ነው» ይላታል ኮርሊስ።

«አንተ ልብህ ሩህሩህ ነው። ለማንኛውም አሁን የቀረን የአመድ መጋዘኑ ጣሪያ ነው፤ ወንፊት ሆኗል። ቦስተንን ጠይቀሃቸዋል?»

«ጠይቄያለሁ።»

«ምን አሉ?»

«በሚቀጥለው በጀት» አሉ ሁለቱም እኩል፣ ሳቁም።

እሑድ ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ኮርሊስ ፒንካም ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘረጋ፣ እስክሪብቶውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ጻፈ፦ «የተከበራችሁ የአካባቢ ጥበቃ ባልደረቦች፣ አሁን ደግሞ ስለ አመድ መጋዘኑ ጣሪያ ልንገራችሁ።»