አረንጓዴዋ ሙሉወርቅ

"አጨብጭቡ እንጂ! ምን ሆናችኋል?" ይላል አለቃችን ጋሽ ግሩም። እናጨበጭባለን። እኔም አጨበጭባለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ። ኪዳን ብድግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፣ ሽልማት የሚቀበል ዘፋኝ መስሎ። ደረቱ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። ቀይ ማለት መሪ ማለት ነው አሉን። ከዛሬ ጀምሮ የሞተረኞቹ አስተባባሪ እሱ ነው።

ሙሉወርቅ አጠገቤ ተቀምጣለች። የሷ ወረቀት አረንጓዴ ነው። ዝምተኛ፣ ተከታይ።

ቢሯችን 18 ማዞሪያ ነው፣ ከሞባይል ጥገናው በላይ። እቃ በሞተር እናደርሳለን። የድሮው አስተባባሪ ክረምት ሳይገባ ጥሎን ከሄደ ጀምሮ ቤቱን የያዘችው ሙሌ ናት። መንገድ የጠፋበት፣ ጎማ የፈነዳበት፣ ደንበኛ የጮኸበት፣ ሁሉም "ሙሌ!" ነው የሚለው። ማንም አልሾማትም፣ ዝም ብላ ሰራች። ዛሬ ሹመቱ የሷ ነው ብለን ነው የመጣነው። በላይነሽ እንኳን፣ ስልክ የምታነሳዋ፣ ትናንት "እንኳን ደስ አለሽ" ብላት ነበር። አሁን ጥፍሯን ታያለች።

ጠዋት ቤተልሄም የምትባል አሰልጣኝ መጥታ ጥያቄ አስሞላችን። የእያንዳንዳችን ጠባይ በቀለም ይታወቃል፣ ከዛ በደንብ እንግባባለን ተባለ። ጋሽ ግሩም ነገሩን ወደደው። ከመጠን በላይ ወደደው።

"ምን ብለሽ ነው የሞላሽው?" እላታለሁ ሙሌን በሹክሹክታ።

"'ሰዎች እንዲከተሉኝ እፈልጋለሁ' ይላል። እኔ ክርስቶስ ነኝ?"

"እና?"

"'በፍጹም' ላይ ምልክት አደረግኩ። 'ከብዙ ሰው የተሻለ ውሳኔ እሰጣለሁ' ይላል ደሞ። ሰው ስለራሱ እንዲህ ይላል፣ አንተ ያደሳ? አያሳፍርም?"

ኪዳንን አላሳፈረውም። ሁሉንም "ሁልጊዜ" ብሎ ነው የሞላው፣ ሲሞላ አይቼዋለሁ። ኪዳን ማለት ቤቴል የሚሄደውን እቃ አስኮ ልኮ "ያው ሁለቱም ምዕራብ ነው" ያለ ሰው ነው!

ደሜ ፈላ። እነሳለሁ።

"ጋሽ ግሩም፣ ይሄ ልክ አይደለም።"

"ምኑ?"

"ስራውን የምትሰራው ሙሌ ናት። እርስዎም ያውቃሉ። ወረቀት ላይ ራሷን ስላላሞገሰች ነው የተቀማችው?"

ጋሽ ግሩም ይስቃል። በጣቱ ደረቴን ያሳያል። እኔ ቢጫ ነኝ። "ቢጫ ተጫዋች ነው፣ ሲሞቀው ደሞ ይንጣጣል። አይደል ቤቲ?" ይላታል ቤተልሄምን።

ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

"እየቀለድኩ አይደለም!"

"እሱንም ወረቀቱ ይላል!" ይላል ኪዳን። ሳቁ ይብሳል። አሁን ብጮህም ቢጫ ነኝ፣ ዝም ብልም ቢጫ ነኝ። በአንድ ማለዳ አፌን ቀሙኝ።

ቤተልሄም ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። "ጋሽ ግሩም፣ ይሄ እኮ ለመግባባት ነው እንጂ ለሹመት..."

"ተግባብተናል እኮ!" ይቆርጣታል። "እሺ፣ ራሷን እንጠይቃት። ሙሉወርቅ፣ ቅር ብሎሻል?"

ሁሉም ወደሷ ይዞራል። በይው፣ እላለሁ በልቤ። አንዴ ብቻ። ቅር ብሎኛል በይው!

"ኧረ ምንም አይደል" ትላለች ሙሌ። "እንኳን ደስ ያለህ ኪዳን።"

"አያችሁ? አረንጓዴ!" ጋሽ ግሩም እንደገና ያጨበጭባል።

ቁጭ እላለሁ። አሁን የምናደደው በሷ ነው፣ ከሱም በላይ በሷ። "አንቺ ደሞ!" እላታለሁ። ዝቅ ብዬ ሳይ ግን በጣቶቿ የወንበሩን ስፖንጅ እየነጨች ነው። እግሯ ስር ቢጫ ፍርፋሪ ሞልቷል።

ስልኩ ይጮሃል።

"በል አስተባባሪ፣ ጀምር!" ይላል ጋሽ ግሩም። ኪዳን ሁላችንም እንድንሰማ ድምፅ ማጉያው ላይ ያደርገዋል።

"ሄሎ ሙሌ!" ሞተረኛው ሚሊዮን ነው። "አስኮ ነኝ! ትራፊኩ ሞተሬን ይዞብኛል። የያዝኩት የልደት ኬክ ነው፣ ፀሐዩ እያቀለጠው ነው፣ ሴትየዋ ደሞ እየደወለች ትሰድበኛለች። ምን ላድርግ?"

"እ... ሚሊዮን፣ ኪዳን ነኝ። አንዴ ጠብቀኝ።"

ከዛ ይዞራል። ሳያስበው ነው፣ ሁላችንም እንደምንዞረው። "ሙሌ፣ ምን ልበለው?"

ሁሉም ያያታል። ጋሽ ግሩምም ያያታል። ትንሽ እንኳን አላፈረም እኮ! እስክትመልስ ይጠብቃል፣ ውሃ ከቧንቧ እንደሚጠብቅ ሰው።

ሙሌ አፏን ትከፍታለች። ደሞ ትዘጋዋለች። ወንበሩን ትደገፋለች።

"እኔንጃ" ትላለች፣ በዛው ለስላሳ ድምጿ። "አንተ ያልከንን ነው የምንከተለው።"

ማንም አይስቅም። ኪዳን ስልኩን ያያል፣ ጋሽ ግሩም ኪዳንን ያያል።

"ሄሎ?" ከስልኩ ውስጥ ክላክስ ይጮሃል፣ አንድ የታክሲ ረዳት "ቡራዩ! ቡራዩ!" ይላል። "ሄሎ? ሙሌ? ኧረ በማርያም፣ አላችሁ?"

አጠገቧ ስለተቀመጥኩ እኔ ብቻ ነኝ የማየው። አይኗን ጨፍናለች፣ ከንፈሯ ግን ለሚሊዮን ምን ማድረግ እንዳለበት እየነገረው ነው፣ ከመጀመሪያው እስከመጨረሻው፣ ያለ ድምፅ።