ጎል አይባልም

«ጮክ በል እንጂ!» አለችው እታለማሁ ሀብተማርያምን። «ለቅሶ ቤት የመጣህ ይመስል ምን ያንሾካሹክሃል? ፓርኪንጉ ውስጥ እንደምትጮኸው ጩህ!»

ሀብተማርያም ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ አልጋው ጠጋ አለ። ባሏ ደምሴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተኝቷል። ስትሮክ ከጣለው ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ በነዚህ ቀናት ውስጥ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም።

አስር ሰዓት ላይ የንግግር ቴራፒስቷ ለመጨረሻ ጊዜ ልትፈትነው ትመጣለች። አንድ ቃል ከተናገረ ሕክምናው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆስፒታል ይቀጥልለታል። ካልተናገረ ኢንሹራንሱ መክፈሉን ያቆማል፣ እሱም መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም ይገባል። እታለማሁ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ውሃ ጠማኝ ብሎ መናገር የማይችል ሰው እዚያ እንዴት ውሎ እንደሚያድር ማንም እንዲነግራት አያስፈልግም።

ቄሱ መጥተው ጸልየውለታል፣ ጠበልም ረጭተውታል። ልጃቸው ከቴክሳስ ስልኩን ጆሮው ላይ አስደርጋ አልቅሳለታለች። ምንም የለም። ጨርሶ የቸገራት ጊዜ ነው ያ የምትጠላው ኳስ ትዝ ያላት። ወዲያው ለሀብተማርያምና ለይስሐቅ ኮል አደረገች። ከደምሴ ጋር ሦስቱም ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ አብረው ሲሠሩ፣ ሥራ በገቡበት ቅዳሜ ሁሉ የፓርኪንጉ ጠባብ ክፍል ውስጥ ታጭቀው፣ ትንሿ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠው የአሜሪካኖቹን የኮሌጅ ፉትቦል፣ ያን ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን፣ ሲያዩ ነው የኖሩት። የአገሬው ሰው እንኳ እንደነሱ አያብድም።

«ደምሴ!» አለ ሀብተማርያም፣ አሁን በደንብ እየጮኸ። «ሚሺጋን የተዋረደ ዕለት ትዝ ይልሃል? አፓላችያን ስቴት፣ ስሙን እንኳ ሰምተነው የማናውቀው ትምህርት ቤት፣ መቶ ሺህ ሰው ፊት! መጨረሻ ላይ ያቺን ምት ሲያከሽፏት አንተ የአንዱን ደንበኛ የሌክሰስ መኪና ቁልፍ እንደያዝክ መንገድ ላይ ወጥተህ ስትሮጥ፣ ሰውየው ተሰረቅኩ ብሎ ፖሊስ ሊጠራብህ!»

ይስሐቅ ሳቀ። ደምሴ መስኮቱን እንዳየ ነው።

«እሱማ ምኑ ይወራል!» አለ ይስሐቅ። «ኦበርንና አላባማ ነው እንጂ። ሃያ ስምንት እኩል ሆነው ሰዓቱ አለቀ። የአላባማው አሰልጣኝ የለም፣ አንድ ሰከንድ ይቀረናል ብሎ ተከራከረ። ዳኞቹ አይተው መለሱለት። በዚያች ሰከንድ ሲመቱ ኳሷ አጠረች! የኦበርኑ ልጅ ከኋላ ጠብቆ ቀለባት፣ ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ሮጦ ገባ። ለምኖ ባገኛት ሰከንድ ጉድ ሆነ፣ እታለም!»

«ሚሺጋን ይበልጣል።»

«አይበልጥም!»

«ይበልጣል አልኩህ!»

ሁለቱም በልማድ ወደ አልጋው ዞሩ። እንዲህ ሲጨቃጨቁ ፍርድ የሚሰጠው ሁልጊዜ ደምሴ ነበር። ይስሐቅ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ እታለማሁ ደግሞ ሰዓቷን አየች።

በሩ ተንኳኳ። ቴራፒስቷ ፈገግ ብላ ገባች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሥዕሎቿን አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ያዘችለት። ማበጠሪያ። ኩባያ። ቁልፍ። ደምሴ አሥራ ስምንት ዓመት የሰው መኪና ቁልፍ ሲቀበልና ሲመልስ የኖረ ሰው ነው። ቁልፉን አየት አደረገና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ቴራፒስቷ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች፣ አዝናለሁ አለች፣ ቦርሳዋን ዘጋች።

«ዋን ሰከንድ!» አለች እታለማሁ። «ፕሊስ፣ ዋን ሰከንድ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ይስሐቅ ያወራው ትዝ አላትና ፍርሃት ወረራት። ለምኖ ባገኛት ሰከንድ ጉድ ሆነ። ምን ልትለው ነው? ስለዚህ ጨዋታ የምታውቀው አንዳች ነገር የላትም። ሥራ በማይገባባቸው ቅዳሜዎች ከሶፋው ኋላ ስታልፍ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። እሱም አንድም ቀን ሳይናደድባት ቀርቶ አያውቅም።

ጎንበስ ብላ አፏን ጆሮው ላይ አደረገች።

«ደምሴ፣ ጎል ገባ እንዴ?»

ሀብተማርያም ቀና አለ። ደምሴ ፓርኪንጉ ውስጥ ስንቴ «ሚስቴ ዛሬም ተችዳውኑን ጎል አለችው» እያለ እንደተማረረ እሱ ያውቃል።

ምንም የለም። ቴራፒስቷ ተነሥታ ቆማለች።

«ስንት ጎል አገቡ?» አለች እታለማሁ። «ያ ባለ ቀዩ ጎል አገባ? ንገረኝ እንጂ! ስንት ጎል ሆነ?»

የደምሴ ግንባር ተኮማተረ። ራሱ ትራሱ ላይ ቀስ ብሎ ዞረና ዓይኑ ዓይኗ ላይ አረፈ። ደኅና የሆነው የከንፈሩ ጫፍ ተንቀሳቀሰ።

«አይ…» አለ። ምራቁን ዋጠ። «አይ… ባልም።»

ቴራፒስቷ ምን አለ ብላ ጠየቀች። ይስሐቅ ሊተረጉምላት አፉን ከፈተ፣ ግን ለቅሶው ቀደመው። እታለማሁ ዞራም አላየቻት። ያቺ ቃል የመጀመሪያም የመጨረሻም እንዳትሆን ፈርታ የባሏን እጅ በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«ጎል ነው!» ብላ ጮኸችበት፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ። «ጎል ነው እንጂ ሌላ ምን ሊባል ነው?»

ደምሴ ሊቆጣት ትንፋሹን ሰበሰበ።