ከአንገት ነው የሚጀመረው

«እኔ ሊጥ ነኝ እንዴ ልጄ? ቀስ በይ እንጂ!»

ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። መዶሻ፣ እሳት እንደነካው ሰው፣ እጇን ከልብስ ሰፊዋ ክንድ ላይ ታነሳለች። መዶሻ ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ የኳስ ተጫዋች ጉልበትና የጫኝ ወገብ ስታሽ የኖረች፣ ስትጫን አጥንት ድረስ የሚሰማ። አሁን ያበጠ ክንድ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ በእጅ እያሹ ማፍሰስ ልትማር መጥታ፣ ያ የተመሰገነችበት ጉልበት ጠላት ሆኖባታል።

መምህርቷ ጠጋ ትላለች። «ከክንዱ ለምን ጀመርሽ?»

«ያበጠው እሱ ነዋ።»

«መንገድ ተዘግቶ ከኋላ ያለው መኪና ቢገፋ ምን ይፈይዳል? መጀመሪያ ከፊት ያለውን አስለቅቂ። ከአንገት ነው የሚጀመረው። ደግሞ ቆዳውን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሺው። ስጋውን ተዪው፣ አልበደለሽም።»

ልብስ ሰፊዋ አልጋው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ይስቃሉ። በካንሰር ምክንያት ጡታቸው ከወጣ ወዲህ ቀኝ ክንዳቸው ውሃ እንደሞላ ከረጢት ተነፍቷል። ሰልጣኞቹ እንዲለማመዱባቸው ወደው ነው የመጡት። «እኔም ስፌት የተማርኩት የሰው ጨርቅ አበላሽቼ ነው፤ ተለማመዱብኝ» ብለዋል ገና ሲገቡ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ አውራ ጣታቸው መቀስ ውስጥ እንዲገባላቸው። የስፌት መኪናቸው ተሸፍኖ ከተቀመጠ ከርሟል።

መዶሻ እጆቿን አፋትጋ ታሞቃለች። ከአንገታቸው ሥር፣ ከአጥንቱ በላይ ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ በጣቶቿ ትነካለች። መጀመሪያ ግራውን። ከተኛ ሕፃን ጉንጭ ላይ ዝንብ የምታባርር ይመስል፣ እንዲህ በስሱ፣ ቆዳውን ገፋ፣ ለቀቅ።

«እሰይ!» ይላሉ ልብስ ሰፊዋ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «አሁን ገና እጅ አወጣሽ። እግዜር ይባርከው።»

ደስ ይላታል። ሳይታወቃት ፈገግ እያለች ወደ ቀኙ ትሻገራለች። ገፋ፣ ለቀቅ። ገፋ።

ጣቷ ይቆማል።

ጠጠር። የአተር ፍሬ ብታህል ነው። ቆዳው ይሄዳል፣ እሷ አትሄድም። በድሮው እጇ ቢሆን ጡንቻ ነው ብላ ጨፍልቃት ባለፈች ነበር።

«ጌታዬ፣ ተሳስቼ ይሁን» ትላለች በሆዷ። ጣቷን አንስታ መልሳ ታሳርፋለች። እዚያው ናት። ዝም ብላ ብታልፍስ? ትናንት መማር የጀመረች ሰልጣኝ ምን አውቃ ነው? ሴትዮዋ እንዲህ ደስ ብሏቸው ተኝተው፣ ፊታቸው እንዲህ ተፈትቶ!

«ምነው ቆምሽ? ጥሩ ይዘሽው ነበር እኮ» ይላሉ ልብስ ሰፊዋ።

«መምህር» ትላለች መዶሻ። «እዚህ ጋ… እስቲ አንዴ ይንኩልኝ።»

መምህርቷ ጣቶቿን ታሳርፋለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ መዶሻን ያስፈራት እሱ ነው። ከዚያ በርጩማ ስባ አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች።

«እትዬ፣ ዛሬ እናቁም።»

«ገና ክንዴ ጋ መች ደረሳችሁ?»

«አንገትዎ ሥር ጠጣር እጢ አለ። ሐኪምዎ ሳያየው መታሸት የለብዎትም። ነገ ከነገ ወዲያ አይባልም፣ ዛሬውኑ ነው። እኔ ራሴ ይዤዎት እሄዳለሁ።»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ይቀራል፤ መሄጃ እንዳጣ እንግዳ።

«ተመልሶ መጣ?»

«ሳይመረመር አላውቅም። አይደለም ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ከሰልጣኞቹ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ልብስ ሰፊዋ በደህናው እጃቸው አንገታቸውን ይዳብሳሉ፣ ይጫናሉ፣ ያጡታል። «የታል?»

መዶሻ ጣታቸውን ይዛ ትመራቸዋለች። «በስሱ ነው እናቴ። ሲጫኑት ይጠፋል።»

ያገኙታል። ጣታቸውን አያነሱም።

«ይቺ ናት?» ይላሉ። «ይቺ ትንሽዋ?»

መምህርቷ ብድግ ትላለች። «ልጅዎን ልጥራት። ውጪ እየጠበቀችዎት ነው።»

«ተዪ፣ ትንሽ ትቆይ። መጀመሪያ እነዚህ ልጆች ይንኩት። ሌላ ሰው ላይ ሲያገኙት እንዲያውቁት።»

«እትዬ፣ ግድ የለም፣ ይሄ እንኳ…»

«ሊማሩብኝ አይደል የመጣሁት?»

መምህርቷ ትንሽ ታቀረቅራለች። ከዚያ ወደ ሰልጣኞቹ ዞራ «አንድ አንድ ጊዜ ብቻ፤ በስሱ» ትላለች።

እጃቸውን ታጥበው፣ አሙቀው፣ ይሰለፋሉ። የመጀመሪያው ረጅሙ ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ ይነካል። ይቆያል።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት እናቴ።»

«በል እንግዲያው ልቀቅ፤ ወረፋ አለ።»

ማንም አይስቅም። ሁለተኛዋ ትመጣለች፤ ከንፈሯን ነክሳ ነክታ ትሄዳለች። መዶሻ ከራስጌ ቆማ አንሶላውን ደረታቸው ላይ ታስተካክላለች፤ የተስተካከለውን መልሳ ታስተካክላለች።

ከኮሪደሩ የልጃቸው ድምፅ ይመጣል። ከሆነ ሰው ጋር በስልክ እየተጫወተች ነው። «እማዬማ ውስጥ ናት፣ እየታሸች!» ትላለች። «እንደ ልዕልት ነው የያዟት ስልሽ!» ከዚያ ትስቃለች፤ ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ የሆድ ሳቅ።

ልብስ ሰፊዋ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ያዳምጣሉ። ሳቁ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ከዚያ አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ፤ ለሚቀጥለው ጣት እንዲመቸው።