ገመዱን ልቀቂው

ስልኩ ሲጮኽ ፈቀደ ኮልፌ ባለው ብየዳ ቤቱ ብረት እየቆረጠ ነበር። የደወለችው አልፊያ ናት፤ እሱ የሠራላትን ሞተር ጀልባ ባለፈው ሳምንት ወደ ዝዋይ ሐይቅ የወሰደችው።

«ጋሽ ፈቀደ፣ ሞተሩ ጠፋብኝ። ነፋሱ ወደ ቋጥኙ እየገፋን ነው። መልህቁን ጣልኩት፤ አልያዘም፣ እየተጎተተ ነው።» ከኋላዋ እናቷ ዱዓ ሲያደርጉ ይሰማል።

«ገመዱ እንዴት ነው?»

«ቀጥ ብሎ ወርዷል። የመጸዳጃውን ታንከር ሐይቁ ውስጥ ልድፋው እንዴ? ሞልቷል፤ ጀልባዋ ቀለል ትል ይሆናል።»

«እንዳትነኪው። ውሃውን ሰው ይጠጣዋል፤ ችግሩም ክብደት አይደለም። መልህቅ መሬት የሚይዘው ጋደም ሲል ነው። ገመድ ጨምሪለት።»

«ወደ ቋጥኙ የባሰ እንቀርባለን እኮ።»

«ትቀርባላችሁ። ቢሆንም ጫፉ ጀልባዋ ላይ በደንብ መታሰሩን እዪና ቀስ እያልሽ ልቀቂው።»

አልፊያ ስልኩን አስቀምጣ ገመዱን መልቀቅ ጀመረች። ፈቀደ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በሌላ እጁ የሥራ ጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠ። ውሃው እሱ የበየደውን ብረት ሲመታ ይሰማዋል። እሱ ራሱ ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። የነገራት ሁሉ አንድ ዓሣ አጥማጅ አንድ ቀን ሲያወራ የሰማውን ነው። ሰውዬው ተሳስቶስ ከሆነ?

«ያዘ» አለች አልፊያ በቀጭን ድምፅ። «ጋሽ ፈቀደ፣ ቆመናል።»

«ከቋጥኙ ምን ያህል ትርቃላችሁ?»

«እማዬ እጇን ብትዘረጋ ትነካዋለች።»

ፈቀደ የብረት ብናኝ በሞላበት ወለል ላይ ቁጭ አለ።