የዋሪዮን ደመወዝ ያስቆረጠው ማን ነበር?

«ፈርሚና ውሰጂ እንጂ... ሰልፉ ረዘመ» አለቻት ገንዘብ ያዧ ሸዋርካብሽ።

የሸምሳ እጅ ግን አልዘረጋ አለ።

ከኋላዋ በደመወዝ ሰልፉ ላይ የቆመው ዋሪዮ ነው። ሠላሳዋ ብር የተቆረጠችው ደግሞ ከእሱ ደመወዝ ነው...

ዘወር ብላ አየችው። ሰውዬው ፈገግ ብሎ «አካም አዴ ሸምሳ፣ ናጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላት። ቅያሜ የሚባል ነገር ፊቱ ላይ የለም።

ፈረመች። ብሩን በሻሿ ጫፍ ቋጠረችና አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ዋሪዮ ነገሌ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የሚያክም፣ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነው። በ1968 ቤት ሲሠራ ከሸምሳ ባል ከሀሺ ሱቅ የጣሪያ ቆርቆሮ በዱቤ ወሰደ። ሰባት መቶ ሃያ ብር። ወረቀት ተፈራረሙ።

በዓመቱ ጦርነት መጣ። ሱቁ ተቃጠለ። ሀሺ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ተሰደደ።

ዋሪዮ መንገደኛ ባገኘ ቁጥር ጠየቀ... ወሬያቸው ጠፋ።

ሸምሳ ወደ ነገሌ የተመለሰችው በ1980 ነው። ባሏ በስደት ሞቷል። ሦስት ልጆች አሏት። ከዚያ ሁሉ ንብረት የተረፋት ያቺ የተጣጠፈች የዱቤ ወረቀት ብቻ ነበረች።

ጎረቤቶቿ የአሥራ ሁለት ዓመት ዕዳ በፈቃዱ የሚከፍል ሰው የለም፣ ክሰሺው አሏት።

ከሰሰች።

ለቀጠሮው ምስክር ላምጣ ብላ ሻኪሶ ሄደች። ስትመለስ የተሳፈረችበት የጭነት መኪና መንገድ ላይ ተሰበረ። ነገሌ ስትገባ ቀጠሮው ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል...

በቃ፣ አለቀልኝ ብላ አለቀሰች።

በሳምንቱ ሸዋርካብሽ አስጠራቻት። ከዋሪዮ ደመወዝ በየወሩ ሠላሳ ብር እንደሚቆረጥላት፣ እየመጣች ፈርማ እንድትወስድ ነገረቻት።

«አልሐምዱሊላህ... ዳኛው ፈረደልኝ» አለች ሸምሳ በልቧ። ማን አዘዘ ብላ እንኳ አልጠየቀችም።

በዚያች ብር መጀመሪያ ልጆቿ ጠግበው አደሩ። ቀጥሎ ገበያው ዳር አንዲት ክፍል ተከራየች። ሻይ በወተትና ሳምቡሳ መሸጥ ጀመረች። የሸምሳ ሳምቡሳ ሳይበላ ወደ ክብረ መንግሥት የሚነሳ ሾፌር ጠፋ።

እሷ ስትቃና ግን ዋሪዮ ሲጎድልበት ታየዋለች።

ብስክሌቱን ሸጠ። ለክትባት ሊበን ገጠር ድረስ በእግሩ መሄድ ጀመረ።

አንድ ቀን ገበያ ላይ አስቆመችውና የሚቆረጠው በግማሽ ይቀንስልህ፣ እኔ ሄጄ ልንገራቸው አለችው።

እሱም ሳቀ። «የመንግሥት ሥራ ነው አዴ ሸምሳ... እኔም እርስዎም አንነካውም።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። የመጨረሻዋ ሠላሳ ብር ተከፈለች።

በማግስቱ ሸምሳ አንድ ትሪ ትኩስ ሳምቡሳ ሠራች። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ፍርድ ቤት ሄደች... ያን ደግ ዳኛ ልታመሰግን!

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይሉን ፈልጎ አወጣ። አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«እናቴ፣ እዚህ የተፈረደልሽ ነገር የለም። ከሳሽ በቀጠሮው ቀን ስላልቀረበች መዝገቡ ተዘግቷል ይላል።»

ሸምሳ ትሪዋን እንደያዘች ወደ ሸዋርካብሽ ገሰገሰች። ታዲያ ደመወዙን ያስቆረጠው ማነው?

ሸዋርካብሽ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ማመልከቻ አወጣችና አነበበችላት።

«ከደመወዜ ላይ በየወሩ ሠላሳ ብር ተቆርጦ ለወይዘሮ ሸምሳ ይሰጥልኝ። ዋሪዮ።»

በዚያ የቀጠሮ ቀን መዝገቡ ሲዘጋ አንድ ማመልከቻ እየጻፈ የሚያድር ራፖር ጸሐፊ ዋሪዮን ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ይዞት ነበር። ዕዳው አሥር ዓመት አልፎታል፣ ሴትዮዋ እንደገና ብትከስህም በይርጋ ነጻ ትወጣለህ፣ ሂድና ተኛ ብሎታል።

ዋሪዮ አመሰገነው። ከዚያ በቀጥታ የሄደው ወደ ሸዋርካብሽ ነው። እስኪያልቅ ድረስ ለማንም እንዳትናገርም አስምሏታል...

ሸምሳ ዋሪዮ ቤት ስትደርስ ሰውዬው ከሚስቱ ከአሸቱ ጋር ምሳ ላይ ነበር። ትሪውን አስቀመጠች። 

«ለምን ዋሸኸኝ ወንድሜ?»

ዋሪዮ ነገሩ ገባው። እጁን ከገበታው ሰበሰበ።

«በእጄ ብሰጥዎ ልጆቼን አይተው ይተዉት ነበር። ከሸዋርካብሽ መስኮት ሲወስዱ ግን በመብትዎ ነው፣ ቀና ብለው ነው የሚወስዱት» አላት። ትንሽ አሰብ አደረገና ጨመረ... «ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ፣ ብሩ አንዴ ኪሴ ከገባ እርስዎ ጋ የሚደርስ አልመሰለኝም።»

አሸቱ ከምሳዋ ቀና አለች። ለካ እሷም አታውቅም!

«እና ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ዳኛ ስረግም... አሜን ትለኝ የነበርከው አንተው ነህ?»

ዋሪዮ አንገቱን ደፋ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሸምሳ ናት። ከዚያ አሸቱ። ሳቁን የሰማ ጎረቤት ምን ተገኘ እያለ ገባ... ትሪው ባዶ እስኪሆን ድረስ ሲሳቅ ዋለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሁለቱ ቤት ልጆች በረመዳንም በገናም አንድ ገበታ ላይ አደጉ። የዋሪዮ የመጀመሪያ ልጅ ስታገባ ሽማግሌዎቹ የሙሽራዋ አክስት የቷ ናት ቢሉ፣ ከሁሉ ቀድማ የተነሳችው ሸምሳ ነበረች።

ወዳጆቼ... ሕግ ነጻ ያወጣውን ሰው ሁሉ ሕሊናው ነጻ አያወጣውም። ዋሪዮ ደግሞ ዕዳውን ብቻ ሳይሆን የአንዲትን እናት ክብርም ሳይጎድል ነው ያስረከበው።

እስቲ እናንተ በሐቅ መልሱልኝ... መዝገቡ ተዘግቷል ስትባሉ እግራችሁ የሚሄደው ወደ ቤት ነበር ወይስ ወደ ሸዋርካብሽ መስኮት? 👇