የቀንድ አውጣው ተራ

«ልጅ ልጅ ነው» ይላል ሥራ አስኪያጁ፣ የስብሰባ ክፍሉን መጋረጃ እየሳበ። «መኪና ይሩጥለት፣ ይጋጭለት፣ በቃ። ሰዓቱን ሙሉ በእሱ እንሙላው።»

አዘጋጇ የቴሌቪዥን ጣቢያውን የልጆች ሰዓት ስትመራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከአለቃ ጋር አፍ መካፈት እንደማያዋጣ ታውቃለች። ይልቅ ሁለት ካርቱን አሳይታ ልትፈትን የሠራተኞቹን ልጆች ሰብስባ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣቸዋለች። ሥራ አስኪያጁም መንታ ሴት ልጆቹን ይዞ መጥቷል።

መጀመሪያ የመኪኖቹ ካርቱን ይከፈታል። ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። በአሥር ደቂቃ የምትበልጠው ታላቋ መንታ ስክሪኑን ልትውጠው ምንም አይቀራት።

«አላልኩሽም?» ይላል አባቷ፣ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ።

«ያቺኛዋስ?» ትላለች አዘጋጇ በቀስታ።

ታናሿ ጀርባዋን ሰጥታ የጫማዋን ክር ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች።

«እሷን ተያት። ካርቱን አይሆንላትም። ቤትም እንዲሁ ናት።»

ቀጥሎ ሊሰረዝ የታሰበው ካርቱን ይመጣል፦ አትክልት ቦታ የሚለካ ቀንድ አውጣ። አይሮጥም፣ አይጋጭም። ከጎመኑ እስከ አጥሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ ሊቆጥር ይነሳና ቆሞ ያስባል። ልጆቹ ይቁነጠነጣሉ። ታላቋ «መኪናው ይመለስ» ትላለች።

«እግር የለውማ» ይላል አንድ ቀጭን ድምፅ።

ታናሿ ዞራለች። «በምኑ ይራመዳል? በራሱ ይለካ እንጂ። አንድ ቀንድ አውጣ፣ ሁለት ቀንድ አውጣ...» በጉልበቷ እየዳኸች ትቀርባለች። ቀንድ አውጣው ልክ እንዳለችው ተዘርግቶ መለካት ሲጀምር ከሆዷ ትስቃለች። ከጥግ በኩል ሌላ ልጅ አብሯት ይቆጥራል።

ሥራ አስኪያጁ ሳቋን እንደ እንግዳ ድምፅ ያዳምጣል።

«ቤት የምንከፍትላቸው መኪናውን ብቻ ነው» ይላል ለራሱ በሚመስል ድምፅ። «እህቷ ስለምትወደው።»

አዘጋጇ የልጆች ሰዓቱን የፕሮግራም ዝርዝር ወደ እሱ ትገፋለች።

«ሁለቱንም አስገቢ» ይላታል ቆይቶ። «ሌላም ዓይነት ካለሽ አምጪ።»

ከዚያ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ታናሿ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል። «ስንት ደረሰ?» ይላታል።

ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ በአንድ እጇ አፉን ትከድናለች፤ በሌላው እጇ ጣቶች መቁጠሯን ትቀጥላለች።